የዓባይን ልጅ ውኃ ሲጠማው፦ የካርሰን ሲቲ የብር ማተሚያ ቤት

(በላስ ቬጋስ በማኅበረሰባችን የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆቻችንም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ?

ድምፃችሁ ደከም አለብኝ። ቡናው ገና አልደረሰም ማለት ነው። እኔም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብቻ ነው የምናገረው።

አዘጋጆቹ «ስለምንኖርበት ስለ ኔቫዳ አንድ ነገር ንገረን፤ ብቻ አደራህን፣ ስለ ቁማር ቤት እንዳይሆን» ብለውኛል። እሺ ብያለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ ብር ነው። ስለ የትኛው ብር? በእኛ ቋንቋ ከመሬት የሚወጣው ነጭ ማዕድንም ብር ነው፤ ኪሳችን ውስጥ ያለው ገንዘብም ብር ነው። ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉናል። ብር የሚቆፈርበት አገር ያለ ሰው ብር የሞላው ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። ይህን ያወቅኩት እዚሁ ኔቫዳ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት፣ በክልላችን ዋና ከተማ በካርሰን ሲቲ ከሚገኘው የብር ሳንቲም ማተሚያ ቤት ታሪክ ነው።

አባቴ አንጥረኛ ነበር። ጠገራ ብር፣ ያንን የማሪያ ቴሬዛን ብር፣ አቅልጦ መስቀልና የአንገት ሐብል ይሠራ ነበር። ደንበኛ ብር ይዞ ሲመጣ አባቴ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ብሩን ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ይጥለዋል፣ ጆሮውንም ያዘነብላል። እውነተኛው ብር ረዘም አድርጎ ይጮኻል። የተቀላቀለበት ግን ጠፍ ብሎ ይቀራል። ቤት ውስጥ ያለነው ሁሉ ሳናይ፣ በድምፁ ብቻ፣ ደንበኛው ተደስቶ እንደሚሄድ ወይም ተጣልቶ እንደሚሄድ እናውቅ ነበር።

ይህን የነገርኳችሁ ለምንድን ነው? እዚህ ታክሲ በምነዳበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከአውሮፕላን ማረፊያ አሳፈርኩ። ሲወርዱ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ በጉርሻ መልክ አንዲት ትልቅ ሳንቲም መዳፌ ላይ አኑረው ሄዱ። አንድ ዶላር! እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሆዴ ተቀየምኩ። አራት ሻንጣ ነው ያወረድኩላቸው። ማታ ቤት ገብቼ የኪሴን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ስዘረግፍ ግን ያቺ ሳንቲም ጮኸች። ረዘም አድርጋ ጮኸች። የአባቴ ሱቅ ድምፅ! ባለቤቴ «ምን ነካህ?» እስክትለኝ ድረስ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ጣልኳት። ገልብጬ ሳያት ከንስሩ ሥር፣ ከአበባው ጉንጉን በታች፣ ሁለት ጥቃቅን ፊደላት አሉ፦ ሲ እና ሲ። ዓመቷ 1878 ነው።

ይኸውላችሁ፣ ይዣት መጥቻለሁ። ከፊት ጀምራችሁ እያያችሁ አሳልፏት። አትጣሏት ብላችሁ እንደማትሰሙኝ ስለማውቅ፣ ከጣላችኋትም ጠረጴዛ ላይ ይሁን።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ብሩ ከየት መጣ? ሁለተኛ፣ ማተሚያ ቤቱ ለምን ተሠራ፣ ተሠርቶስ ለምን ተራበ? ሦስተኛ፣ የታተሙት ብሮች የት ገቡ?

አንደኛውን ልጀምር። ከዚህ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ከካሊፎርኒያ ድንበር አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ሲቲ የምትባል የተራራ ከተማ አለች። በ1859 ፒተር ኦራይሊና ፓትሪክ ማክላፍሊን የተባሉ ሁለት አይሪሾች እዚያ ሸለቆ ውስጥ ወርቅ ያጥቡ ነበር። ወርቁን ሲያጥቡ ግን አንድ ከባድ፣ ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር ጭቃ እየመጣ ሥራቸውን ያበላሽባቸዋል። ቆፋሪው ሁሉ ይረግመዋል፣ እየዛቀ ይጥለዋል። በመጨረሻ ከዚያ ጭቃ ጥቂቱ ወደ ካሊፎርኒያ ተወስዶ ተፈተሸ። ምን ሆኖ ተገኘ? ብር! ያውም ከወርቁ በዋጋ የሚበልጥ ብር። ሲጥሉት የነበረው ከሚለቅሙት ይበልጥ ነበር።

ቦታው የእኔ ነው ብሎ የገባባቸው ሄንሪ ኮምስቶክ የሚባል አፈ ጮሌ ሰው ነበር። ያንን ሁሉ ሀብት የያዘው የማዕድን መስመር እስከ ዛሬ በእሱ ስም ኮምስቶክ ይባላል። እሱ ግን ድርሻውን በአሥር ሺህ ዶላር ገደማ ሸጠው። ከዚያ መስመር በሃያ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ብርና ወርቅ ተቆፍሯል። ኮምስቶክ በ1870 ሞንታና ውስጥ ድኽቶ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። 1870ን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ስለ ቆፋሪዎቹ ትንሽ ልበላችሁ፤ ከርእሴ መውጣቴን አውቃለሁ። መሬቱ ልል ስለነበር ጉድጓዱ ይደረመሳል። በ1860 ፊሊፕ ዳይደስሃይመር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ከግንድ የተሠሩ ሳጥኖችን እንደ ማር እንጀራ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደረ ተራራውን ከውስጥ መደገፍ ጀመረ። ለዚያ ሲባል በታሆ ሐይቅ ዙሪያ የነበረው ደን ተጨፍጭፎ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ደግሞ ሙቀቱ እየባሰ ሄደ። ከግድግዳው የሚፈልቀው ውኃ ሥጋ ይልጥ ነበር። ሰዎቹ በረዶ እየጎረሱ ለጥቂት ደቂቃ ይቆፍራሉ፣ ከዚያ ይተካካሉ። በ1869 ኤፕሪል የሎው ጃኬት በሚባለው ጉድጓድ እሳት ተነስቶ ቢያንስ 35 ሰው አለቀ። የቀን ደመወዛቸው አራት ዶላር ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ጥሩ ደመወዝ ነው። ከዚህች ዛሬ በእጃችሁ ካለችው ዓይነት አራት ማለት ነው። በጉድጓዱና በወፍጮው በኩል ለስንቱ ሰው የቀን ድካም እንደከፈለች አስቡት!

ድንጋዩ ከወጣ በኋላ ወደ ካርሰን ወንዝ ወርዶ በውኃ ኃይል በሚሠሩ ወፍጮዎች ይፈጫል፤ ከዚያ ጨውና ባዝቃ፣ ሜርኩሪ የምንለው ማለቴ ነው፣ ተጨምሮበት በትልልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይታሻል። ብሩ ከባዝቃው ጋር ይጣበቃል፤ ባዝቃው በሙቀት ሲተን ብሩ ይቀራል። ሁሉም ግን አልተነነም። በሺዎች የሚቆጠር ቶን ባዝቃ ወንዙ ውስጥ ቀርቷል። ዓሣ አጥማጆች ካላችሁ ስሙኝ፤ ከዚያ ወንዝ የታችኛው ክፍል የተያዘ ዓሣ ዛሬም እንዳይበላ ማስጠንቀቂያ አለ።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ተራራው ብር ያፈልቃል። ብሩ ግን ሳይታተም፣ እንደ ጡብ ተቀርጾ፣ በሠረገላ ሴራ ኔቫዳን እየተሻገረ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይሄዳል። መንገዱ ረጅም ነው፤ በረዶም ሽፍታም አለበት። ስለዚህ የአካባቢው ሰዎች «ብሩ ከእኛ ዘንድ ወጥቶ ለምን ሌላ ቦታ ይታተማል?» ብለው ጮኹ። ትክክል አይደሉም? ኮንግረሱ በ1863 ፈቀደ። ያኔ ኔቫዳ ገና ክልል እንኳን አልነበረችም፤ ክልል የሆነችው በ1864 ነው። የማተሚያ ቤቱ ቦታ ካርሰን ሲቲ ሆነ።

ካርሰን ሲቲን በ1858 የቆረቆረው አብርሃም ከሪ የሚባል ነጋዴ ነው። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። በረሃው ላይ ገና ምንም ሳይኖር «እዚህ ዋና ከተማ ይሆናል» ብሎ መሐል ላይ ለምክር ቤት የሚሆን አደባባይ ክፍት ትቷል። ፍል ውኃ አጠገብ የነበረው ሆቴሉ መጀመሪያ የግዛቲቱ ምክር ቤት መሰብሰቢያ ሆነ፣ ቀጥሎ እስር ቤት ሆነ፤ እሱም የእስር ቤቱ አዛዥ ሆነ። ምክር ቤትና እስር ቤት በአንድ ጣሪያ ሥር! አትሳቁ፣ እውነት ነው። የማተሚያ ቤቱ ድንጋይም የመጣው ከዚያው ከእስር ቤቱ የድንጋይ ካባ ነው። ሥራውን የተቆጣጠረው ከሪ ራሱ ነበር፤ ቤቱ ሲያልቅም የመጀመሪያው ኃላፊ እሱ ሆነ።

ከፈቃዱ እስከ መጀመሪያዋ ሳንቲም ሰባት ዓመት ፈጀ። ማተሚያ መሣሪያው በፊላደልፊያ ሞርጋንና ኦር በሚባል ፋብሪካ የተሠራ፣ ስድስት ቶን የሚጠጋ የብረት አውሬ ነው። የብሩ ማኅተሞችም እዚያው ፊላደልፊያ እየተቀረጹ ይላኩ ነበር። ሳንቲሟ ላይ ያየሁት የካርሰን ሲቲ ምልክት፣ ሲ፣ ለምን ሁለት ሆነ? አንዱ ሲ ቀድሞ በደቡብ፣ በሻርለት፣ ለነበረ ማተሚያ ቤት ተሰጥቶ ስለነበር ነው። በአሜሪካ ታሪክ ሁለት ፊደል ያለው የማተሚያ ቤት ምልክት ይህ ብቻ ነው።

በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1870 የመጀመሪያዋ የብር ዶላር ታተመች። ያ ኮምስቶክ ድኽቶ የሞተበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በጃንዋሪ መጨረሻ፣ ቨርጂኒያ ሲቲን ከካርሰን ሲቲ የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ተመርቋል። አስቡት! ተራራው አለ። ባቡሩ አለ። ማተሚያው አለ። ከተራራው እስከ ማተሚያው የባቡሩ መንገድ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1871፣ ይህ ቤት ስንት የብር ዶላር ያተመ ይመስላችኋል?

ገምቱ እስቲ። መቶ ሺህ? አምሳ ሺህ?

1,376። አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ስድስት! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም?

ለምን? ብሩ ጠፍቶ ነው? አይደለም። ማዕድኑ የተገኘው ኔቫዳ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ሳን ፍራንሲስኮ ነበሩ። የማዕድን ኩባንያዎቹ አክሲዮን የሚሸጠው እዚያ ነው። ለጉድጓዶቹ የሚያበድረው፣ ወፍጮዎቹን የጠቀለለው፣ ባቡሩንም ያሠሩት ሰዎች ያሉበት የካሊፎርኒያ ባንክ መቀመጫው እዚያ ነው። ከ1854 ጀምሮ የሚሠራ ሌላ ማተሚያ ቤት እዚያ አለ፤ ወደብ አለ፤ ገበያ አለ። በረሃ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ሚሊዮን ዶላር ቢታተምላት የት ታጠፋዋለች? ባቡሩም በ1872 ሬኖ ደርሶ ከአገር አቋራጩ መስመር ጋር ሲገናኝ ማተሚያ ቤቱን አልጠቀመውም፤ ይልቁንም ብሩ በካርሰን ሲቲ በር ላይ እያለፈ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መሄዱን አቀለለው። መንገድ ሲሠራ ደስ ይለናል። መንገዱ ወዴት እንደሚያመራና የማን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን እንጠይቃለን?

በዚህ ላይ ሕግ መጣ። በ1873 ኮንግረሱ ተራውን የብር ዶላር ከሕጉ ሰረዘው። ጀርመን ገንዘቧን ከብር ወደ ወርቅ ማዞሯ ነበር፤ አሜሪካም ተከተለች። የብር ዋጋ ወረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ፣ ቀልድ ይመስላል፣ በቨርጂኒያ ሲቲ ከመሬት በታች የኮምስቶክ ትልቁ ክምችት ተገኘ!

ብሩ የት ይሂድ? ለቻይና ንግድ ተብሎ አንድ ልዩ ዶላር ተፈጠረ። የንግድ ዶላር ይሉታል። ክብደቱ ከተለመደው ይበልጣል፤ ክብደቱና ጥራቱም ላዩ ላይ ተጽፏል። ካርሰን ሲቲም ከ1873 እስከ 1878 አተመችው። የቻይና ነጋዴዎች ደግሞ እንደ አባቴ ናቸው፤ የመንግሥት ማኅተም አይበቃቸውም። መርምረው ካመኑበት የራሳቸውን ምልክት ይመቱበታል። ዛሬ ያንን ዶላር ስታዩት ንስሩ ፊቱን በሙሉ በቻይንኛ ተነቅሶ ታገኙታላችሁ።

እዚህ ላይ ስለራሳችን አንድ ነገር ልበል። ኦስትሪያዊቷ ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ሞታ በእኛ ገበያ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ነግሣለች። ብሩ የሚታተመው አውሮፓ ነው፣ የሞተችበት ዓመት ሳይቀየር፤ የሚሠራው እኛ ዘንድና በዐረብ አገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ፓሪስ ቢያሳትሙም ገበሬው አልቀበልም፣ ያቺን ሴትዮ አምጡልኝ አለ። የካርሰን ሲቲ የንግድ ዶላርም ይኸው ታሪክ ነው፣ ከሌላው ጫፍ ሲታይ። ብሩ ከዚህ ተቆፈረ፣ እዚህ ታተመ፣ የሚታመንበት ግን ቻይና፣ ካንቶን ከተማ ነው።

የኔቫዳው ሴናተር ጆን ጆንስም ዝም አላሉም። የሃያ ሳንቲም ብር ይታተም አሉ፤ በ1875 ታተመ። ሰው ግን ከሃያ አምስት ሳንቲሙ ጋር እየተምታታበት ጠላው። በ1876 ካርሰን ሲቲ አሥር ሺህ አተመች፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል መልሶ ቀለጠ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት ሃያ አይሞሉም። ቤታችሁ አንዲት ካለች፣ እባካችሁ ከቡናው በፊት አናግሩኝ።

በቤቱ ውስጥ ሥራው እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፤ ዛሬ ሙዚየም ስለሆነ ገብቼ አይቼዋለሁ። ብሩ ቀልጦ፣ በማሽን ተዳምጦ፣ በክብ ይቆረጣል። ከዚያ ሴቶች ሚዛን ፊት ተቀምጠው እያንዳንዱን ይመዝናሉ፤ የከበደውን በሞረድ ይሞርዱታል፣ የቀለለው ተመልሶ ይቀልጣል። በሞረዱ የወጣው ዱቄት አይጣልም፤ ተጠርጎ ይሰበሰባል። እናቴ የአባቴን ሱቅ ስትጠርግ ጥራጊውን ወደ ውጭ አትደፋም ነበር፤ በቆርቆሮ ታጠራቅመዋለች። በበዓል ሰሞን አባቴ ያንን አቅልጦ ለአንዳችን ቀለበት ያወጣበታል። አስጎብኚዋ ስለ ዱቄቱ ስትናገር ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ምን እንደሆንኩ ማንም አላወቀም።

ያ ስድስት ቶን የሚጠጋው ማተሚያ ማሽን በ1878 ተሰበረ። ፊላደልፊያ ይላክ ወይ? ሩቅ ነው። ስለዚህ እዚያው ካርሰን ሲቲ ያሉት የባቡሩ ጥገና ሠራተኞች ጠገኑት። ጠግነው ሲጨርሱ የፊላደልፊያውን ፋብሪካ ስም የያዘውን የነሐስ ሰሌዳ አንስተው የራሳቸውን የባቡር ድርጅት ሰሌዳ ለጠፉበት! ዛሬም ሙዚየሙ ውስጥ የሚታየው የእነሱ ስም ነው፤ ማሽኑም አሁን ድረስ ለጎብኚ ሜዳሊያ ያትማል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የአካባቢው ሰው «ይህ የእኛ ነው» ያለበትና የጸናለት ነገር ይህ ሰሌዳ ይመስለኛል።

እሺ፣ ቡናው ሸተተኝ። ሦስተኛውን ቶሎ ልበል።

በ1878 የብር ወገኖች በኮንግረስ አሸነፉ። መንግሥት በየወሩ ቢያንስ የሁለት ሚሊዮን ዶላር ብር እየገዛ ዶላር እንዲያትም ታዘዘ። በእጃችሁ ያለችው የዚያ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ናት፤ በዚያ ዓመት ካርሰን ሲቲ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አትማለች። ይሁንና ሰው ከባድ ብር ተሸክሞ መሄድ አልፈለገም። ስለዚህ የታተመው ብር በከረጢት እየታሰረ ካዝና ውስጥ ይገባል። ከተራራው ጉድጓድ ወጥቶ ሌላ ጉድጓድ ገባ ማለት ነው። በ1885 ዴሞክራቱ ግሮቨር ክሊቭላንድ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ማተሚያው ቆመ። በ1889 ሪፐብሊካኑ ሃሪሰን ሲመጡ ተከፈተ። በ1893 ክሊቭላንድ ሲመለሱ ቆመ፤ በዚያው ቀረ። በቆየባቸው ዓመታት በሙሉ ያተመው ወርቅና ብር ተደምሮ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከተራራው የወጣው ስንት ነበር? ከ300 ሚሊዮን በላይ ብለናል።

ቤቱ ከዚያ በኋላ እስከ 1933 የማዕድን መመርመሪያ ሆኖ ቆየ። በ1939 ክልሉ በአሥር ሺህ ዶላር ገዛው፤ ኮምስቶክ ድርሻውን በሸጠበት ዋጋ አካባቢ መሆኑን ልብ በሉልኝ። በ1941 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

በካዝና የቀሩትስ? እዚህ ከተማ ቁማር ቤቶች በእውነተኛ የብር ዶላር ይጫወቱ እንደነበር የቆዩት ያውቃሉ። በ1964 ሰዉ ሁሉ ብር መሰብሰብ ሲጀምር የአሜሪካ ግምጃ ቤት ካዝናውን ፈተሸ። ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ የካርሰን ሲቲ ዶላር፣ አብዛኛው በ1880ዎቹ የታተመ፣ ማንም ሳይነካው ተቀምጦ ተገኘ! መንግሥት ከ1972 ጀምሮ በፖስታ ጨረታ ሸጠው። ስንት ሰው በዚያ ሙቀት በረዶ እየጎረሰ ቆፈረው፣ ስንት ሴት በሞረድ አስተካከለችው፤ እሱ ግን ሰማንያ ዓመት አንድ ዳቦ እንኳን ሳይገዛ ከረጢት ውስጥ ተኛ። ሰብሳቢዎች እነዚያን ያልተነኩትን ይበልጥ ይወዷቸዋል፣ በብዙ ዋጋም ይገዟቸዋል። እኔ ግን የእኔን እመርጣለሁ። የንስሯ ላባ ተፍቋል፣ የሴትየዋ ጉንጭ ለስልሷል። ሠርታለች። እጅ አግኝታለች።

ይኸው ጨረስኩ። ጥያቄ ያለው ከቡናው ጋር ይጠይቀኝ። ለመሆኑ ብሬ የት ደረሰች? ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ድምፅዋን አልሰማሁም። እትዬ፣ እርስዎ ዘንድ ናት? እስቲ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያድርጓት፣ የእኔዋ መሆኗን ከዚህ ሆኜ አውቃታለሁ።